የአንዲት ትንሽ አጥንት ጣጣ

አባቴ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው አጽም ማጠብና በሽቦ መግጠም ነው። ተማሪዎቹ «ጋሼ ሽቦ» ይሉታል። ቤት ውስጥ ግን አንዲት ሚስማር መትቶ አያውቅም፤ ይህን ሳስበው ዛሬም እናደዳለሁ።

በሁለት ነገር ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል፦ እጁ አጥንት እንደማይስት፣ ሰውና ቺምፓንዚ ደግሞ ዝምድና እንደሌላቸው። አለቃው ፕሮፌሰር በየሳምንቱ ምድር ቤት እየወረዱ ይነዘንዙታል።

«የአብዛኛው ጦጣ የእጅ አንጓ ዘጠኝ አጥንት አለው፤ የእርስዎና የቺምፓንዚው ግን ስምንት ስምንት ነው። ይሄ እንዲያው በአጋጣሚ ነው ጋሼ?»

«የጎረቤቴ በር ሦስት ማጠፊያ አለው፤ የኔም ሦስት። ታዲያ በሮቹ ወንድማማች ናቸው?» ይላል አባቴ።

ፕሮፌሰሩ እየሳቁ ይወጣሉ። እኔም ልጅ ሆኜ አባቴ ያሸነፈ ይመስለኝ ነበር።

ልማዱ አንዱን አጽም አጥቦ፣ አድርቆና ገጥሞ ሳይሰቅል ሌላውን አለመንካት ነው። ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ግን እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ተዋከበና የአንድ ሰውና የአንድ ቺምፓንዚ አጽም እጆችን በአንድ ቀን ዘፈዘፈ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አሰጣቸው። ሲገጥም ከስምንቱ አንዷ፣ ባቄላ የምታክል፣ ከእጅ እጅ ተቀያየረች።

ዓመት ሙሉ ያወቀ የለም። እንዲያውም ፕሮፌሰሩ የቺምፓንዚውን አጥንት በሰውየው እጅ ላይ በእርሳስ እየነኩ፣ «የሰው ልጅ ልዩ ቅርጽ እዚች ላይ ጎልቶ ይታያል» ብለው አስተምረውባታል። በመጨረሻ አንዲት እንግዳ ተመራማሪ እያንዳንዷን ስትለካ ደረሰችበት። አባቴ ኮሚቴ ፊት ተጠራ።

በዚያን ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ አብሬው ቆሜ ነበር። ፕሮፌሰሩ መጥተው ክንዱን ያዙት።

«ጋሼ፣ አጥንቶቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ነው፣ ማንም ይሳሳታል ይበሏቸው። እኔም እመሰክራለሁ። ሥራዎ ይተርፋል።» የሳቸውም ስም አብሮ እንደሚተርፍ አልነገሩትም።

«ተመሳሰሉ ብዬ? በኔ አፍ? ሞቼ ነው!» አለና ገባ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ።

«ምን አልካቸው አባዬ?»

«ዓይኔ ደክሟል አልኳቸው።»

በሳምንቱ ያለ ጊዜው በጡረታ አሰናበቱት። ደብዳቤው ምክንያቱ «የዓይን ድካም» ነው ይላል። እኔ በንዴት ጨስኩ። እስከ ጡረታው ሊሠራ የሚችል ሰው ለአንዲት ቃል ብሎ ቤት ዋለ! እናቴ ግን አዘነችለት፤ እሱ ያነበበውን ጋዜጣ እንደገና ታነብለት ጀመር፤ እሱም እንዳላነበበ ሆኖ ይሰማታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። አባቴ ተቀበላትና ያለ መነጽር፣ በአንድ ሙከራ አስገባው።

«ዓይኔ ደክሟል አላልክም?» አለች እናቴ።

አባቴ መርፌውን መለሰላት።

«ዓይኔ ምንም አልሆነም። ስህተቱ በታወቀ ማግስት ሁለቱን አጥንቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ ሳያቸው ዋልኩ። የትኛዋ የሰውየው እንደሆነች መለየት አቃተኝ» አለ።

«ታዲያ ይህንኑ አትነግራቸውም ነበር?» ብዬ ጮህኩበት።

«ለሳቸው?» አለ። «ፕሮፌሰሩ እየሳቁ ሲወጡ ከማይ፣ ዕውር ነው ይበሉኝ።»