ፋይሉም ገበያተኛ ነው እንዴ?

«ልጄ፣ እኔስ ሐሙስን የምጠብቀው ገበያ ስላለብኝ ነው። ፋይሉም ገበያተኛ ነው እንዴ?»

ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ሐሙስ ይመለሱ» ስላቸው እንዲህ ያሉኝ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። የሟች ባላቸውን የመሬት ደብተር በስማቸው ለማዞር ሲመላለሱ ይኼ አምስተኛ ጊዜያቸው ነው።

እኔ ደግሞ የአሠራር ማሻሻያ ፕሮጀክት ቻርተር፣ ማለትም የፕሮጀክቱን መነሻ ሰነድ፣ እየጻፍኩ ነበር። ደብረ ማርቆስ ሄጄ የሠለጠንኩበት ነው! ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ ስለተባልን «የቅልጥፍና ማነስ» ብዬ ጽፌያለሁ። (ማንንም የማያስቀይም ችግር ደስ ሲል!)

ጥያቄያቸው እረፍት ቢነሳኝ ፋይላቸው የሄደበትን መንገድ ተከተልኩ።

እኔ የምፈርመው ባለጉዳይ በሚበዛበት በገበያው ቀን፣ ሐሙስ ብቻ ነው። ፋይሉ ዓርብ አጠገቤ ላለው ባልደረባዬ ይደርሳል፤ እሱም እስከ ሐሙስ ያቆየዋል። ቀጣዩም እንዲሁ። በሳምንት አንድ ጠረጴዛ!

ይህን ልማድ ማን አመጣው? እኔው ነኝ፤ «ለገበሬው እንዲመች» ብዬ። ያኔ ተጨብጭቦልኛል።

ዓረፍተ ነገሩን አጥፍቼ «ፋይል የሚዘገየው ሐሙስን ስለምንጠብቅ ነው፤ ያስጀመርኩትም እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ነገ ኃላፊዬ ፊት የማነበው ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። መቀመጥ አቅቶኛል፤ ቢሮውን እየዞርኩ ነው።

የእማማን ፋይል ግን በእጄ ይዤ በየጠረጴዛው አስፈረምኩ።

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አዩ።

እናንተስ፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ችግር ስትፈልጉ ራሳችሁን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ንገሩኝ፤ ነገ ብቻዬን አልግባ።