አጎቴና ጣልያናዊው ሯጭ

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ ያማርሩኝ ነበር። በስደት በምንኖርበት አገር፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማችን ደረጃ ላይ ሰው ባገኙ ቁጥር፣ በወጣትነታቸው በቴሌቪዥን ያዩትን አንድ ጣልያናዊ ሯጭ ያነሳሉ። ሰውየው ሩጫ ካቆመ ስንት ዘመኑ!

«ጋሼ፣ ለምን ስለኛዎቹ አያወሩም?» እላቸዋለሁ።

«የኛዎቹን ማን ይረሳቸዋል? እሱ ግን አስታዋሽ ያስፈልገዋል።»

ይባስ ብሎ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ባልቴት ጣልያናዊት ናቸው። ከሥራዬ በፊት ለሐኪም ቀጠሮ ላደርሳቸው ስንወጣ በራቸው ላይ ይቆማሉ፤ አጎቴም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ሩጫውን ከመነሻው ይጀምራሉ። እኔ መኪናውን አስነስቼ ጥሩምባ እነፋለሁ።

«ጋሼ፣ ሌት እየሆንን ነው እኮ፣ ረፈደብን።»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሷል።»

በዚህ ሯጭ ምክንያት ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን ሪስኬጁል ያደረግኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባልቴቷ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ሯጩ እኮ የከተማዬ ልጅ ነው» አሉኝ። «ሲያሸንፍ ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ።»

በለቅሶ ቤት መናደድ ነውር ቢሆንም ተናደድኩ። «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ በር ላይ ሲያቆሙን ለምን አልነገሯቸውም?»

«ብነግራቸው ኖሮ ማውራቱን ይተዉት ነበር» አሉኝ። «እኔ ደግሞ እዚህ አገር ስለዚያ ልጅ የሚያወራኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

አሁን በሩ ላይ የሚያቆመኝ የለም። ሥራ ቦታ ቀድሜ እደርስና መኪናዬን ፓርክ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ምን እንደማደርግበት ግን አላውቅም።