ሽማግሌ ሲገባ የሚታመም ላፕቶፕ

እንጅባራ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በነበረኝ ጊዜ አንድ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ሽማግሌ አይወድም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ በጊዜው ያልሳቅሁት የተያዘው ጉዳይ የእናቴ ቀብር ስለነበረ ነው።

እናቴ አልሞተችም። ደረቷን ያማት ነበር እንጂ ጋቢዋን ተከናንባ በሩ ጥግ ትቀመጥና፣ ፀሐይ ሲወጣ ወንበሯን ወደ ውጭ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ እየጎተተች የሚገባ የሚወጣውን ትመረምር ነበር። ግን ዳንግላ ሳለን የእድር አባል የነበረው አባቴ ነው። እሱ ሲሞት ድንኳን ተተከለለት፣ ወንበር ተደረደረለት፣ በወጉ ተሸኘ። እኛ ለሥራ ብለን ወደ እንጅባራ ስንመጣ አልጋና ቁም ሳጥን በመኪና ጫንን፤ እድር ግን አይጫንም። የአዲሱ ሰፈራችን እድር ደግሞ አባል የሚያደርገው አባወራን ብቻ ነው። በእኛ ቤት ያለነው እሷና እኔ ነን።

«ስሞት ማን ያነሳኛል?» ትለኝ ነበር፣ ጨው አለቀ እንደምትል ቀለል አድርጋ።

በዚያ ዓመት እድሩ ደንቡን ሊያሻሽል ተነሳ። ባል የሞተባቸው ሴቶች ስለበረከቱ ኮሚቴው አንድ አዲስ አንቀጽ አረቀቀ፤ ቤት የምታስተዳድር ሴት በራሷ ስም አባል ትሆናለች የሚል። ረቂቁን እንድጽፍ ለእኔ ሰጡኝ። የቀረው የእድሩ ዳኛ ነበሩ። እሳቸው እያንዳንዱን አንቀጽ ከመታተሙ በፊት ስክሪኑ ላይ በዓይናቸው ያያሉ፤ ያላዩት ለጉባኤ አይቀርብም። ከዚህ በፊት አንድ ጸሐፊ ስማቸውን አሳስቶ አትሞባቸው ስለነበር ወረቀት ማመን ትተዋል።

ስለ ላፕቶፑም ልናገር። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ደንበኞቼ ፍላሽ ባመጡ ቁጥር ቫይረስ ይዘውብኝ ይመጡና፣ የሰውን ማመልከቻ ሁሉ ይደብቅብኝ ነበር። አንዲት አስተማሪ ደንበኛዬ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ቫይረስ እንደማይደፍረው ነግራኝ በፍላሽ ሰጠችኝ። ኮምፒውተርን የተማርሁት እያበላሸሁ ስለሆነ አልፈራሁም፤ ራሴው ጫንሁት።

ሞባይል የሚጠግነው ጎረቤቴ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ምን ጫንሽበት አሉ?»

«ሊኑክስ።»

«የራስ ምታት ክኒን ነው የሚመስለው።»

«ቫይረስ አይዘውም።»

«እቴ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ሌባስ ምን ሊያደርግ ይገባል?»

ተሳሳቅንና ወደየሥራችን ተመለስን።

ዳኛው መጀመሪያ የመጡት ዝናብ በሚዘንብበት ጠዋት ነው። ዣንጥላቸውን ደጅ ላይ አራግፈው ገቡ።

«ኖር!» ብዬ ተነሳሁ።

«በግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ።»

የእናቴን ደረት ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ከዚያ ላፕቶፑን ገልጬ ወደ እሳቸው አዞርሁት። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን እኔ የጻፍሁት አልነበረም። ፊደሎቹ ግማሽ ግማሻቸው ተበልቷል። አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር እንደ ቀሚስ ጥለት ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ከሁሉ የባሰው፣ ጠዋት ስሠራው የነበረው የሠርግ መጥሪያ ቁርጥራጩ፣ ከነጽጌረዳ አበባው፣ የእድሩ ደንብ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና በጥሞና አነበቡ።

«አባል ሲሞት... በደስታ... እንድትገኙልን።»

እናቴ ሳቋን በጋቢዋ አፈነችው።

«ደንቡ ይሄ ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ ማሽኑ ነው። አጥፍቼ ላስነሳው።»

አጠፋሁት። ሲነሳ ደግሞ አይቸኩልም። ተነስቶ ሲያበቃ ፊደል ሁሉ በየቦታው ነበር፤ ዳኛው ግን ቀብር ስለነበረባቸው ሄደዋል።

ሌላ ቀን ሲመጡም ያው ሆነ። መስመሩ፣ አበባው፣ የተበላው ፊደል። የሚገርመው ቀኑን ሙሉ ተማሪ ሲገባ ሲወጣ ላፕቶፑ ደኅና ነው። ዳኛው ገብተው ሲቀመጡ ያብዳል።

«ዓይናቸው እንዳይሆን» አለኝ ጎረቤቴ።

«ዝም በል፣ ዳኛ ናቸው።»

«ዳኛ ዓይን የለውም?»

ተቆጣሁት። ቢሆንም ነገሩ ከልቤ አልወጣም፤ ሊኑክስ የጫንሁት ሴት ዓይን ዓይን ማለት ጀመርሁ። በሳምንቱ አንድ ቄስ የልጃቸውን ማመልከቻ ሊያጽፉ ገቡ፤ አበደ። የቤት ካርታ ኮፒ የሚፈልጉ አንድ አዛውንት ገቡ፤ አሁንም አበደ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ዓይን አለው ማለት አያስኬድም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ወደ እንጅባራ እርጥበት አዞርሁት። ጎረቤቴ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጪው አለኝ። አስቀመጥሁት። ሞቀ፤ አልዳነም።

ዳኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ገጹን አይተው መነጽራቸውን ቀስ ብለው አጠፉ።

«ልጄ፣ አትድከሚ። ሌላው አንቀጽ ይበቃናል። ይሄ የሴቶቹ ለከርሞ ይቆየን። ማሽኑም እንኳ አልተቀበለው።»

ልብ በሉ፣ የተበላሸው ገጹ በሙሉ ነው። የወንበር ኪራዩም፣ የቅጣቱም አንቀጽ አብሮ ጠፍቷል። እሳቸው ግን ማሽኑ አልቀበልም ያለው አንዷን አንቀጽ ለይቶ እንደሆነ ከልባቸው አምነዋል። እናቴን አየኋት። ውጭ ውጭውን ታያለች።

«አባቴ፣ የጉባኤው ዋዜማ አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡልኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

«እሺ» አሉ። የእሺታቸው ድምፅ የበሽተኛ ጠያቂ ነበር።

በማግስቱ ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ወረድሁ። እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አውቃለሁ። መንገዱ ይነቀንቅ ስለነበር ጭኔ ላይ እቅፍ አድርጌ ይዤዋለሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ በነጠላው ላይ እጇን አሳርፋ «ማርያም ታሳድግልሽ» አለችኝ። አሜን አልሁ። ምን ልበል?

ጠጋኙ አስነሳው። ጥርት ያለ ስክሪን! በሽታዬን ላሳይ ሐኪም ፊት ስደርስ እንደሚሻለኝ ሁሉ እሱም ተሻለው። ደንቡን ከፈትን፣ የሠርግ መጥሪያውን ከፈትን፤ ምንም የለም።

«መቼ መቼ ነው የሚያደርገው?» አለኝ።

«ሽማግሌ ሲገባ።»

«እ?»

«ሽማግሌ ሲገባ ነው የሚያመው። ከወጣት ጋር ደኅና ነው።»

ቀና ብሎ ያየኝ ላፕቶፑን ትቶ እኔን ልመርምር በሚል ዓይን ነው። መልስ ሳይሰጠኝ አንዲት አሮጊት ቻርጀር ይዘው ገቡ። «ኖር» ብዬ ተነሳሁ፣ ቦታ ለቀቅሁላቸው፣ ሰላም ተባባልን። ወደ ላፕቶፑ ስመለስና ስገልጠው አረንጓዴው፣ ሐምራዊው፣ ጽጌረዳው ሁሉ ከች!

«ይኸው!» ብዬ ጮህሁ። «ይኸው፣ አላልሁህም?»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጠጋኙ። «አሁን ምን አደረግሽ?»

«ምንም። ተነሳሁ።»

«ከመነሳትሽ በፊት?»

«ምንም አላልሁህም እንዴ?»

«ላፕቶፑን ከደንሽው እኮ!»

ከድኜዋለሁ ለካ። እንዴት ልንገራችሁ፣ መክደኔን እንደ ሥራ አልቆጠርሁትም ነበር። ሲያዛጋ አፉን የሚሸፍን ሰው መሸፈኑን ይቆጥራል? እናቴ ያሳደገችኝ ትልቅ ሰው ሲገባ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳስቀምጥ ነው፤ መጽሐፍም ቢሆን ይታጠፋል፣ መርፌም ቢሆን ይሰካል። ስክሪን አቁሞ ከኋላው ብቅ እያሉ ሽማግሌን ማነጋገር፣ ከአጥር ጀርባ ሆኖ እንግዳን መቀበል ነው። ለተማሪ ማን ይከድናል? ማታ ደግሞ አጥፍቼው ነው የምገባው።

ጠጋኙ ሳቁን ሲጨርስ አስረዳኝ። ሲከደን ኮምፒውተሩ ይተኛል። ሲገለጥ ይነቃል፤ ነገር ግን በሲስተሙና በስክሪኑ ካርድ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። የእኔው አስተርጓሚ አሮጌ ስለሆነ ከእንቅልፉ ሲነሳ ጠዋት የሰማውን ካሁኑ ጋር ቀላቅሎ ይቀባጥራል። ሠርጉን ከእድሩ ያጋባው እሱ ነው።

«አዲስ ድራይቨር ላውርድልሽ» አለና ጀመረ። ኔትወርኩ ትንሽ ሄደና መሐል ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ቆመ። እኔን የሚመልሰኝ ሚኒባስ ደግሞ አይጠብቅም።

«እንግዲህ አትክደኚያ!»

«አይሆንም።»

«ዳኛው ይቀየማሉ?»

«እሳቸውስ ይቅር ይሉኛል። እናቴ ናት የማትምረኝ። ደግሞ ለሴት አባልነት የምጠይቀው እኔ፣ ባለጌ መስዬ ልጠይቅ?»

አሰበና ማስተካከያው ውስጥ ገባ። ሲከደን ምን ላድርግ የሚል ቦታ አለ፤ ተኛ የሚለውን አንስቶ ምንም አታድርግ የሚለውን መረጠበት። «አሁን እንደፈለግሽ ክደኚ» አለኝ። «አይተኛም። የተኛ መስሎ ያዳምጣል።» ድራይቨሩን ከወራት በኋላ ኔትወርክ ሳገኝ ራሴው ቀየርሁት፤ ያኔ ግን ይህ በቃኝ።

የጉባኤው ዋዜማ ዳኛው መጡ። «ኖር» አልሁ፣ ከደንሁ። «በግዜር» አሉ። ሰላምታውን ቸኮል አድርጌ፣ በልቤ እየጸለይሁ ገለጥሁት። ገጹ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ቁጭ ብሏል።

መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ያ አንቀጽ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እስኪበላሽላቸው ጊዜ የሚሰጡት መሰለኝ። አልተበላሸም።

«ይነበባል» አሉ በመጨረሻ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ቀን «አይሆንም» የሚለውን ቃል ላፕቶፑ ነበር የሚናገርላቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደረቷን የሚያማት ሴት ፊት ተቀምጠው አንቺን አንቀብርም ለማለት አፋቸው አይታዘዝም። እኔ ማሽኑን ፈውሼ እሳቸውን አፋጠጥኋቸው።

«ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ» አሉ። «ጉድጓድ መቆፈር አለ። ድንኳን መሸከም አለ። ይሄን የሚሠራው ወንዱ ነው። ሴቷ አባል ስትሆን ማን ይሥራላት? ስም ይዛ ልትቀመጥ ነው?»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር አፌን ከፈትሁ። እናቴ ወንበሯን ጎተተችና በአዊኛ ገባችባቸው። ሁለቱም የገጠር ልጆች ናቸው፤ ነገር ሲጠና በአዊኛ ነው። እኔ ከተማ ስላደግሁ እሰማለሁ እንጂ ምላሴ አይታዘዘኝም፤ አዳመጥሁ። በስንቱ ልቅሶ እንጨት እንደተሸከመች፣ ውኃ እንደቀዳች፣ ሰው ከቀብር ሲመለስ የሚበላውን ማን እንዳዘጋጀው ጠየቀቻቸው። ያ ሥራ ካልተባለ ምን እንደሚባልም ጠየቀቻቸው። ዳኛው ባጭሩ ይመልሱ ነበር፤ እየቆየም መልሳቸው እያጠረ ሄደ። ከዚያ እናቴ እኔም እንድሰማ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«እኔ ድንኳኑን ማን እንደተከለው ቀና ብዬ አላይም። ይቺ ልጅ ግን ብቻዋን ቆማ ታያለች።»

ዳኛው ጣታቸውን መልሰው አንቀጹ ሥር አሳረፉ።

«ጻፊ» አሉኝ ዳኛው። አንቀጹ ባለበት ይሁን፣ ከሥሩ ግን ይጨመር አሉ፤ ሴት አባል ለጉልበት ሥራ ሰው ትተካለች፣ አለዚያም የእድሩን ጽሕፈት ያለ ዋጋ ትሠራለች። ይህ «አለዚያ» ለየትኛዋ ሴት እንደተሰፋ ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም። ጻፍሁት። አተምሁት። በማግስቱ ጉባኤው አጉረምርሞ አጉረምርሞ ተቀበለው። አንዱ ከኋላ ተነስቶ «እንግዲያ እንደ ወንዱ ከቀብር ስትቀር ትቀጣ!» ሲል ቤቱ አጨበጨበ፤ እኔም ሳላስበው አብሬ አጨበጨብሁ። ከቤታችን አባል ሆኜ የተመዘገብሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ በእኔ ሥር ተጻፈች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጥሩምባ ነፊው በደጃችን አለፈ። ሰማሁት፤ ነፍስ ይማር ብዬ መጻፌን ቀጠልሁ። እንጅባራ ከመጣን ጀምሮ ጥሩምባ የሚነፋው ለሌላ ሰው ነበርና፣ ለእኔ ይነፋል ብዬ ጆሮዬ አልነቃም።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ገቡ። ተነሳሁ፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ዛሬ ቀብር ነበር።»

«ሰማሁ አባቴ።»

«ከሰማሽ የት ነበርሽ? ስምሽ ተጠራ፣ አቤት የሚል ጠፋ። ተቀጥተሻል።»

ፊቴ ጋለ። እናቴ ከጥግ ቀና አለች።

«ስሟ ተጠራ?»

«ተጠራ እንጂ።»

«ማን ጠራው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«መቃብሩ አጠገብ ቆሜ፣ ሁለቴ።»

እናቴ ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ትገተሪያለሽ? ቅጣቱን ክፈያቸው እንጂ።»