ሣር የታሰረበት ሞተር

የሚያዝያ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት ቆመ። ፀሐይዋ ጊዜ አልሰጠችም፤ ወዲያው ወጥታ የሲቀላን መንገድ ጭቃ ታጨሰው ጀመር። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነበር። ሻሺቱ ያን ቀን ከባሏ ከካሱ፣ ከልጃቸው ከሐሴትና ከካሱ ታላቅ ወንድም ከአቶ ደግፌ ጋር ወደ አንድ ጋራዥ ግቢ ስትገባ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

የመጡት ለሐሴት ሞተር ሊመርጡ ነው። ባለ ሁለት ጎማውን አይደለም፤ ባለ አራቱን፣ ቱሪስቶች ሐይቁ ዳር የሚነዱትን ዓይነት። አቶ ደግፌ በገና በዓል ቃል ሲገቡ ሻሺቱ ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። ሐሴት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ የተገኘች አንድ ልጅ።

ሻሺቱ ተራራው ላይ ኦቾሎ መንደር ተወልዳ፣ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ፣ በትዳር ነው ወደ ቆላው የወረደችው። የባሏ ቤት ባይራ፣ ማለት በኩሩ፣ አቶ ደግፌ ናቸው። አባት ከሞቱ ወዲህ መሬት የሚያካፍሉት፣ የሚመርቁትም የሚቆጡትም እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ለሻሺቱ ይቀላት ነበር።

ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ ሞተርና አንድ ትልቅ ጥቁር ሞተር ቆመዋል። ሻጩ ዮናስ የሚባል ሜካኒክ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሿን አሳያቸው።

"ለልጅ የተሠራችው ይህቺ ናት። ይህቺ ብሎን ፍጥነቷን ትይዛለች፤ ልጅቷ ነዳጅ ብትሰጥም ከሰው ሩጫ አታልፍም። ከኋላ ደግሞ ገመድ አላት። አባቷ ይዞ ይከተላታል፤ የፈራ እንደሆነ ሳብ ሲያደርገው ሞተሩ ቀጥ ይላል።"

"በገመድ?" አሉ አቶ ደግፌ። "አንተ፣ ፍየል ነው እንዴ የምትሸጥልን?"

ካሱ ሳቀ። ሐሴትም አባቷን አይታ ሳቀች።

"ትልቁ የአዋቂ ነው፣ ጋሼ። ይከብዳል። ከተገለበጠ..."

"መሸጥ ነው የያዝከው ወይስ ማሟረት?"

ሐሴትን አንሥተው ትልቁ ላይ አስቀመጧት። ሻሺቱ መጀመሪያ ያየችው እግሯን ነው። ጫማዋ መርገጫው ላይ አልደረሰም። መሪውን ለመያዝ በሆዷ ልትተኛ ምንም አልቀራት።

"ጋሼ፣ እግሯ አልደረሰም እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"ይደርሳላ! እስቲ ዩኒፎርሟን ስትገዢ በልኳ ነው የምትገዢው?"

 እውነት ነው፣ ዩኒፎርሙን አስበልጣ ገዝታ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ ነው የሰፋችው። ጫማውንም ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፋበታለች። እነሱ ቤት ልጅ የሚለብሰው ሁልጊዜ የመጪውን ዓመት ልብስ ነው። ዩኒፎርም ግን ቢተልቅ ልጅ ጭኖ አይሮጥም። ይህ መልስ የመጣላት ቤት ከገባች በኋላ ነው።

ሄልሜቱም የአዋቂ ነበር። አቶ ደግፌ ሻርፕ አጣጥፈው ውስጡ ከተቱና የልጅቷ ራስ ላይ ደፉት። "ይኸው፣ ልክ ሆነ!"

አቶ ደግፌ የትልቁን ዋጋ ከፍለው ሲወጡ ዮናስ ሻሺቱን ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ ሳይነዳ ከመለሳችሁት በትንሿ እቀይርላችኋለሁ" አላት። ያችን ቃል ይዛ ተመለሰች። ማታ ካሱን ብቻውን ስታገኘው ልትነግረው አሰበች።

አቶ ደግፌ ግን ማታን አልጠበቁም። ሞተሩ ደጃፍ እንደ ወረደ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው መሪው ላይ አሰሩበት። ጎረቤት ተሰበሰበ።

"እደጊበት! መንገድሽ እንደዚህ ሣር ይለምልም!"

"አሜን!" አለ ሰፈሩ። ሻሺቱም አሜን አለች።

"ሻጩ ልጅ እቀይራለሁ ብሏል" አለችው ለካሱ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ።

"ምኑን?"

"ሞተሩን። በትንሿ።"

"ሣር ታስሮበት? ባይራው መርቆት? ጎሜ ነው፣ ሻሼ። ነገ ልጅቷን አንድ ነገር ቢነካት ምን ልንል ነው?"

ጎሜ ሥርዓት የጣሰ ሰው በቤቱ ላይ የሚጠራው መዘዝ ነው፤ ጥፋተኛውን ትቶ ልጁን ሊወስድ ይችላል ይባላል። ሻሺቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ይህ ፍርሃት የለቀቃት ይመስላታል፤ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ብትናገር ልጇን ጎሜ ይወስድባታል፣ ዝም ብትል ሞተሩ። ዝም አለች።

በሳምንቱ አባያ ሐይቅ ዳር ወዳለው የሙዝ እርሻቸው ልትነዳ ወሰዷት። ሐሴት የውኃው ቦይ ጋ ስትደርስ ፍሬኑን በእግሯ ፈልጋ አጣችው። ሞተሩ ተገለበጠ። እሷን ጭቃው ላይ ወረወራትና አጠገቧ ወደቀ። ሆስፒታል የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል አሏቸው።

ከሆስፒታል እንደ ተመለሱ ዘመድ ተሰበሰበ። ስለ ሞተሩ ክብደት ያነሣ የለም። አቶ ደግፌ ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል።

"በዚህ ስጦታ በልቡ ያጉረመረመ ሰው ካለ፣ ስለ ልጅቷ ብሎ ይናገር፤ ጎሜ የሚለቀው ሲናዘዙት ነው" አሉ።

ካሱ መሬት መሬት አየ። ሻሺቱ የልጅቷ እግር መርገጫው ላይ አለመድረሱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ከጓዳ የሐሴት ማቃሰት ተሰማ። ይህ ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ልጇን እንዲመርቅላት ፈለገች።

"እኔ ነኝ" አለች። "እንዲመለስ ፈልጌ ነበር።"

"አየሽ!" አሉ አቶ ደግፌ እፎይ ብለው። ተነሥተው ግንባሯን ሳሙ። "እንኳንም ተናገርሽው፣ ልጄ። አሁን ትድናለች።"

መረቋት፤ ይቅር አሏት። አጥንቱም ሲገጥም ለምን እንደ ገጠመ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሞተሩ ተጠገነ።

ሻሺቱ አሁን ሲቀላ ገበያ ሙዝ ትሸጣለች። ሐሴት አሥር ዓመት ሞልቷታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት እርሻው ውስጥ ያንኑ ሞተር ትነዳለች። ያን ጊዜ ሻሺቱ ሙዟን ለጎረቤት አደራ ትታ ትሄድና ቦዩ አጠገብ ትቆማለች። ሌላ የምታደርገው የላትም።