በረኛዋ ውጭ ስትቀር

የባለቤቴን ታናሽ እህት ቤተሰቡ «በረኛዋ» ይላታል። በልጅነቷ በሩ መቀርቀሩን ደጋግማ ሳታይ አትተኛም ነበር አሉ። አድጋም ሥራዋ ያው ሆነ። ድረ ገጽ ትሠራለች፤ የማይመለከተው እንዳይገባበትም ትቆልፋለች።

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ሲቃረብ እኛ ቤት መጣች። በእጇ የነበረው ሥራ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ አዋላጆች ገጽ ነው። እናቶች ፊት ለፊት ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ይጽፉበታል፤ አዋላጆቹ ብቻ አንብበው ይመልሳሉ። አለቃቸው ሲስተር ቁርጡን ነግራታለች፦ «ልጄ፣ ይኼ የሴት ገመና ነው። አንቺ ወልደሽ ስትተኚ የሚጠብቀው ከሌለ እዘጋዋለሁ።»

እሷ ደግሞ መዘጋቱን መስማት አትፈልግም። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ገጹን ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ለሰው የሚያደርሰውን ፕሮግራም መምረጥ ጀመረች። ያወዳደረቻቸው ሦስቱም በነጻ የሚገኙ፣ ኮዳቸውም ለሁሉም ክፍት የሆነ ናቸው።

ባለቤቴ ሳቀባት። «በነጻ በሚሰጥ ነገር ላይ ደግሞ ይመረጣል እንዴ?»

«ባልስ በነጻ አይደል የሚገኘው ጋሼ? እትዬ ዓይኗን ጨፍና ነው የወሰደችህ?»

ወደ እኔ ዞረ። ልጄን እያጠባሁ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ።

አፓቺ አንጋፋው ነው፤ ብትቸገሪ መካሪ አታጪም አለችኝ። ኤንጂንኤክስ ብዙ ሰው ባንዴ ቢጎርፍበት አይደነግጥም። ካዲ ደግሞ ገጹ የሚቆለፍበትን ሰርተፊኬት ራሱ ያወጣል፤ ጊዜው ሲደርስም ራሱ ያድሳል። የሦስቱንም ማዘዣ፣ ምን እንዲሠሩ የሚጻፍበትን ፋይል፣ አስነበበችኝ። እኔ ትምህርቴን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፍኩም፤ የካዲው ግን አጭር ስለሆነ ምን እንደሚል ገባኝ።

«በቃ እሱ ነው» አለች። «ሌሎቹ አንሰው አይደለም። እኔ ስወልድ የምትጠብቂው ግን አንቺ ነሽ።»

«እኔ?! የራሴን ስልክ እንኳ ልጄ ነው እየነካካ የሚቆልፍብኝ!»

በማግስቱ፣ ከሳሎናችን ሆና፣ ገቢውን የሚያጣራውን የሰርቨሩን ፋየርዎል አበራች። ለእናቶቹ የሚሆነውን በር ከፍታ ሌላውን ሁሉ ዘጋች። ወዲያው ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«እትዬ...»

ዘልዬ ተነሳሁ። «ምጥ ነው?»

«ምኑን! የራሴን መግቢያ ሳልከፍት ዘጋሁት። በረኛዋ ውጭ ቀረች።»

ሰርቨሩ ያለው አዋላጆቹ ቢሮ ነው፤ እዚያው ሄዶ በእጅ ከመክፈት በቀር መላ የለም። እሷ ላፕቶፗን አንግታ ሆዷን ደግፋ፣ እኔ ልጄን በአንድ እጅ፣ ኪቦርድ በሌላው ይዤ ደረስን። ሲስተር በመስኮት አይታን ኖሮ፣ «አልጋ አዘጋጁ!» ብላ ጮኸች።

«ወንበር ነው የምፈልገው ሲስተር!»

ሲስተር ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። በረኛዋ ግን ወንበሩን ለእኔ ሳበችልኝ። «አንቺ ክፈቺው።» እሷ እየነገረችኝ፣ እኔ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ትእዛዙን ጻፍኩ። ከላፕቶፗ ሞከረች፤ ገባች። ሲስተር ልጄን ተቀብላ ታቅፋ ነበር። «እንግዲያው ጠባቂ አለን» አለች።

ሴት ልጅ ተወለደች። እኔም ጠዋት ጠዋት ገጹን ከፍቼ መቆለፉን አያለሁ፤ ካዲም አላሳፈረኝም። አንድ ቀን በረኛዋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ በዚያው ገጽ አንድ ነገር ስትጽፍ ደረስኩባት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን ጠየቅሽ?» አልኳት።

ስልኳን በፊቱ ደፋችው። «ለአዋላጆቹ ነው።»

የጻፈችውን ሳላይ ሕፃኗን ተቀብያት ወጣሁ፣ እንድትጨርስ።