ደህናው እጅ

ኡባህ ቀጠሮ አታረፍድም። ለሦስት ሰዓት ከተባለች ከገጠር ከዋሂል በንጋት መኪና ተነሥታ አንድ ሰዓት ላይ ከተማ ከዚራ ሰፈር ያለው ክሊኒካችን በር ላይ ትቀመጣለች፤ ዘበኛው ገና ፊቱን አልታጠበም። ዋሂል ላይ ስኳርና ፓስታ ትቸረችራለች። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ቤት የሚገባው በወር አንዴ ነው። ጭኗ ላይ የምትቀመጠው ፋርሂያ፣ የአምስት ዓመት ልጇ ናት። ስትወለድ ታፍና ስለነበር ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፤ ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ቀርቷል። ግራው ግን ደህና ነበር።

ሥራዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ራሳቸውን ችለው እንዲበሉ፣ እንዲለብሱ ማለማመድ ነው። እናቶቹ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግቡን ከቤተሰቡ ጋር ሆናችሁ አውጡ ተብለን ተምረናል፤ እኔም ለወጉ ጠየቅኋት።

«ኡባህ፣ ፋርሂያ ምን ብትችል ደስ ይልሻል?»

ሌላዋ እናት «ትዳንልኝ» ትላለች። ኡባህ አላለችም። ስድስት ወር የሞላውን ሆዷን ይዛ አሰበችና፣ «ብቻው ይብላ» አለች። በእሷ አማርኛ ሴትም ወንድም አንድ ነው። «ይሄ ሲወለድ እኔ እጅ የለም። ሱቅ አለ፣ ሕፃን አለ። ፋርሂያን ማን ያጎርሳል?»

ከዚህ የተሻለ ግብ ሰምቼ አላውቅም። በሁለት ወር ውስጥ ማንኪያ ይዛ ራሷ ሦስቴ ትጎርሳለች ብዬ ጻፍኩ። ልምምዱ የሚሠራው ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሃያ ሰው ይጠብቃል፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ሶማልኛ የሚያስተረጉምልን ዱዓሌ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ልጠብቀው እችል ነበር፤ አልጠበቅኩም። የልጅቷን እጅ ይዤም አላሳየኋትም።

«ምግብ በቀረበ ቁጥር ደህናውን እጇን አሠሪው» አልኳት። «ብታለቅስም ታገሺ።»

«ሀዬ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ አላልኳትም።

እኔ ሥራ ይልመድ ማለቴ ነበር፤ እሷ የሰማችው «እሰሪው» የሚል ነው።

ለቸኮለ አፍ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ደግሞስ ለምን ትጠራጠር? በቤቷ በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ ዶክተሯ ግራው ይታሰር፣ ቀኙ ይልመድ ካለች ነገሩ ልክ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔስ ወለምታ እንኳ አይደለም፤ ጥድፊያና ንቀት ነው።

በሁለት ወሯ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ልጅቷ ከስታለች። ግራ አንጓዋን ዙሪያውን የበላ ጠባሳ አየሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ጮኼባታለሁ መሰለኝ።

«ሻሽ ነው» አለች ኡባህ፣ ኮራ ብላ። «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ያስራል። እሱ ያለቅሳል፣ እኔም ያለቅሳል፣ ግን አልፈታም። አማቴ አረመኔ ብሎ ሰደበኝ። ወላሂ ዶክተር፣ አንድ ቀን አልተወም!»

በዚህ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የሰጠሁትን ልምምድ አንድም ቀን ሳታጓድል የሠራች እናት እሷ ብቻ ናት። የማይሠሩትን ስንቴ ተቆጥቻለሁ መሰላችሁ።

ዱዓሌን ጠርቼ እውነቱን እንዲነግራት አደረግኩ። ሲነግራት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ። እሷ ግን ያየችው የራሷን እጆች ነው።

«አሁን ተፈታ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ይበላል?»

«ትበላለች» አልኳት። ይህንንም ያልኩት እርግጠኛ ሳልሆን ነው።

የብስኩት ላስቲክ ቀድጄ አንዱን ፋርሂያ ፊት አስቀመጥኩ። እናቷ በሶማልኛ «ብዪ» አለቻት። ልጅቷ ብስኩቱን አየች፣ እናቷን አየች፤ ከዚያ ግራ እጇን ቀስ ብላ አነሣች። ወደ ብስኩቱ አልሰደደችውም። አንጓዋን ለእናቷ ዘርግታ፣ እስክታስርላት ጠበቀች።