አክስቴና ያረጀ ሽርጥ

አክስቴ ቤታችን በመጣች ቁጥር «ያረጀ ሽርጥ የለህም?» ትለኝ ነበር።

የሆስፒታል ነርስ ነበረች። ባጃጅ ወደ ሸዋ ሮቢት በገባበት ሰሞን፣ አሸባሪዎች መርዛማ ኬሚካል ቢለቁ ተጎጂዎችን እንዴት እንደሚቀበሉ ሠልጥና መጣች። «የተመረዘ ሰው በር ላይ ልብሱን አውልቆ፣ ታጥቦ ነው የሚገባው» አለችን።

«ሮቢትን ደግሞ ማን ይመርዛል?» ብለን ሳቅን።

«እሱን አላህ ያውቃል። የኛ አገር ሰው ግን እርቃኑን ከሚታይ ሞቱን ይመርጣል። መሸፈኛውን ላዘጋጅለት።»

ባልደረቦቿ እንደነገሩኝ፣ አንድ ቀን ማሳ ሲረጩ ፀረ ተባይ የፈሰሰባቸው ሽማግሌ መጡ። ልብሴን አላወልቅም ብለው ሲያስቸግሩ፣ እኔ የሰጠኋትን ሰማያዊ ሽርጥ ዘርግታ ጋረደቻቸውና ፊቷን አዞረች። «ይታጠቡ አባቴ፣ አላይዎትም።» ታጥበው ዳኑ።

እሷን አፈር ካለበስናት ወዲህ አንድ ሽርጥ አረጀብኝ። አጥቤ፣ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። የሚጠይቀኝ ግን የለም።